ስታንፎርድ አትላንቲክ ዳር ምን ያደርጋል? ቴሌቪዥን የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል ካርታ እንዴት እንደቀየረው

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚለዩት ጥቂት ተራሮች ናቸው። ከኦገስት 2024 ወዲህ ግን የስፖርት ቡድኖቹ የሚወዳደሩት «የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ» በተባለ ማኅበር ውስጥ ነው። ለመደበኛ ግጥሚያ ወደ ቦስተን፣ ወደ ማያሚና ወደ ሰሜን ካሮላይና ይበርራሉ። ጎረቤቱ በርክሌይም አብሮት ሄዷል። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ደግሞ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ከኖሩበት የምዕራብ ማኅበር ወጥተው ከሚሺጋን፣ ከኦሃዮና ከኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተደባልቀዋል። ይህን ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ነገሩ የሚገባው የቴሌቪዥን ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሲከታተሉት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ፉትቦል የራስ ቁር ተደርጎ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በኮሌጅ ደረጃ የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው። ተማሪዎች ይሁኑ እንጂ ተመልካቹ ጥቂት አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተቧድነው ነው። እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በውጤት መውጣትና መውረድ የለም፤ የሚገባው የተጋበዘ ነው፣ የሚወጣውም የተሻለ ግብዣ ያገኘ ነው። ኮንፈረንሱ የጨዋታ መርሐ ግብር ያወጣል፤ ከዚያም በላይ የአባላቱን የቴሌቪዥን ስርጭት መብት በአንድነት ሸጦ ገንዘቡን ያከፋፍላል። አመሠራረታቸው በጉርብትና ነበር። የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች በ1896 ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለውን፣ የፓስፊክ ጠረፎቹ ደግሞ በ1915 በኋላ ፓክ ትዌልቭ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በባቡር ተጉዘው የሚጋጠሙበት መንገድ ስለፈለጉ ነው።

ይህን ሥርዓት የነቀነቀው አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እስከ 1984 ድረስ የቴሌቪዥኑ ቁልፍ የነበረው የኮሌጆች ስፖርት ብሔራዊ ማኅበር በሆነው በኤንሲኤኤ እጅ ነበር። ጨዋታ በቴሌቪዥን ከበዛ ሰው ስታዲየም መግባቱን ይተዋል በሚል ስጋት ማኅበሩ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚታይ ይወስን፣ ክፍያውንም እሱ ይተምን ነበር። በ1981 መጸው አንድ ቅዳሜና እሑድ የሆነውን እንመልከት። በአገሪቱ ከአምስቱ ምርጥ ቡድኖች መካከል የነበሩት ኦክላሆማና ዩኤስሲ ተጋጠሙ፤ ጨዋታው ከ200 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች ተላለፈ። በዚያው ሰሞን ሲታዴልና አፓላቺያን ስቴት የተባሉ ሁለት እምብዛም የማይታወቁ ቡድኖች ያደረጉት ጨዋታ በአራት ጣቢያዎች ብቻ ታየ። አራቱም ቡድኖች የተከፈላቸው ግን እኩል ነበር።

ኦክላሆማ ከጆርጂያ ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 1984 ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ የኤንሲኤኤ ቁጥጥር ነጻ ውድድርን የሚጠብቀውን ሕግ ይጥሳል ሲል ወሰነ። በሐሳብ ከተለዩት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት በወጣትነታቸው ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱ ዝነኛ የፉትቦል ኮከብ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የኮሌጅ ስፖርትን ትርፍ ብቻ እንደሚፈልግ ንግድ መቁጠሩ ስሕተት ነው ሲሉ ጻፉ። እኔ በሕጉ በኩል አብዛኞቹ ዳኞች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ዋይት ግን ወደፊት የሚመጣውን ከሁሉም አጥርተው አይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስርጭት መብቱ የየዩኒቨርሲቲው ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም መብታቸውን ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። ኖትር ዳም የተባለው ዩኒቨርሲቲ በ1990 ብቻውን ከቴሌቪዥን ድርጅቱ ከኤንቢሲ ጋር ተዋዋለ። በደቡብ ምሥራቅ ያለው ኤስኢሲ የተባለ ኮንፈረንስ አርካንሳስንና ደቡብ ካሮላይናን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሆነ፤ በ1992ም የራሱን የዋንጫ ፍጻሜ አዘጋጅቶ ለቴሌቪዥን አቀረበ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩበት የደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ በ1996 ፈረሰ፤ አራቱ ቢግ ትዌልቭ ወደተባለ ኮንፈረንስ ሲገቡ ሌሎቹ ተበተኑ።

ቀጥሎ የመጣው ኬብል ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ስሌትም ያለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኬብል ያስገባ ቤተሰብ የሚከፍለው ለጥቅሉ ነው፤ የማያየውም ጣቢያ ሒሳቡ ውስጥ አለ። ቢግ ቴን በ2007 ከቴሌቪዥን ኩባንያው ከፎክስ ጋር ሆኖ የራሱን ጣቢያ ሲከፍት የኬብል ኩባንያዎች ለጣቢያው በየወሩ በየቤቱ የሚከፍሉት ዋጋ በሁለት ተከፈለ። ኮንፈረንሱ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት ዋጋው በቤት ወደ አንድ ዶላር ይጠጋል፤ አባል በሌለበት ግዛት ግን ሳንቲሞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ኬብል ያላቸው ቤቶች ያሉበት ግዛት ውስጥ አንድ አባል ማግኘት በዓመት ወደ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያመጣል ማለት ነው። አዲሱ አባል ማሸነፉም ሆነ መሸነፉ፣ ሰዉም ጨዋታውን ማየቱና አለማየቱ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የሚፈለገው ዩኒቨርሲቲው የሚገኝበት አድራሻ ነው።

በኖቬምበር 2012 ሜሪላንድና ረትገርስ ቢግ ቴንን እንቀላቀላለን ሲሉ ብዙ የፉትቦል ሰው የተገረመው ይህን ስሌት ስላላየ ነው። ረትገርስ በ1869 የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ሲደረግ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሜዳ ብዙ ዝና አልነበረውም። ይሁንና ያለው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ የአገሪቱ ትልቁ የቴሌቪዥን ገበያ በሆነው በኒው ዮርክ ጥላ ሥር ነው። ሜሪላንድ ደግሞ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል ነው፤ በዚያው ዓመት ገንዘብ አጥሮት ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘግቷል። በ1953 ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ ካቋቋመው ከአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ (ከዚህ በኋላ ኤሲሲ እንበለው) ለመውጣት ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠየቀ፤ ተካስሶ በመጨረሻ በ31 ሚሊዮን ገደማ ተስማማ። ያንን ያህል ከስሮም መውጣቱን መረጠ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሰዎች ሩቅ አይደለም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በጣም ቅርብ ነው፤ ከዚያ ሰፈር ስንት ልጅ እዚያ ተምሯል። ከ2014 ጀምሮ በዚያ አካባቢ የስፖርት ጣቢያዎች ያሉበትን የኬብል ጥቅል የገዛ ቤተሰብ፣ አባትየው ቅዳሜ ጠዋት የሚያየው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ቢሆንም፣ እናትየው የአሜሪካ ፉትቦል ሕግ ባይገባትም፣ ለቢግ ቴን ሲከፍል ኖሯል። የሚከፍለውም በመጸው የጨዋታ ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ነው። በኦሃዮና በሚሺጋን የሚሠሩ ትልልቅ የልምምድ አዳራሾች ከእነዚህ ቤቶች በተሰበሰበ ገንዘብም ጭምር ነው የቆሙት። እኔን የሚቆጨኝ ገንዘቡ ማነሱ ወይም መብዛቱ አይደለም፤ ከፋዩ ለምን እንደሚከፍል ተነግሮት አለማወቁ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ራሱ ተለወጠ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቤቶች ኬብላቸውን አቋርጠው ወደ ኔትፍሊክስና ወደ ዩቲዩብ ሄዱ። የማያየውን ጣቢያ የሚከፍል ቤት ሲቀንስ የአድራሻ ዋጋም ቀነሰ። በአንጻሩ የቀጥታ ስፖርት ውድ ሆነ፤ ተመልካቹ በሰዓቱ ተቀምጦ ማስታወቂያውንም ሳያልፍ የሚያየው ከሞላ ጎደል የቀረ ነገር እሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ ጥያቄው «በዚያ ገበያ ስንት ቤት አለ?» ከሚለው «ይህ ቡድን ሲጫወት ስንት ሚሊዮን ሰው ያያል?» ወደሚለው ዞረ። ብዙ ሰው ሁለቱን ዘመናት አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው። በመጀመሪያው ዘመን የተፈለገው እንደ ረትገርስ ትልቅ ከተማ አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በሁለተኛው ዘመን የተፈለገው ስሙ ብቻውን ተመልካች የሚጠራ ቡድን ነው።

ቴክሳስና ኦክላሆማ በጁላይ 2021 ቢግ ትዌልቭን ትተው ወደ ኤስኢሲ ለመሄድ የወሰኑት በዚህ በሁለተኛው ስሌት ነው። ኤስኢሲ ከጥቂት ወራት በፊት ከስፖርት ጣቢያው ከኢኤስፒኤን ጋር አዲስ ውል ተፈራርሟል፤ ሲቢኤስ ለዋናው የሳምንቱ ጨዋታ በዓመት 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፍል የነበረውን ኢኤስፒኤን ወደ 300 ሚሊዮን እንዳደረሰው በሰፊው ተዘግቧል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓመት ቀድመው በ2024 ለመውጣት በድምሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በዚያው በ2021፣ በኤፕሪል፣ አሥራ ሁለት የአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ብለው ነበር፤ የእንግሊዝ ደጋፊዎች አደባባይ ወጥተው በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ራሳቸውን አገለሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቃውሞ አልተነሣም። አንዱ ምክንያት ደጋፊው የኮንፈረንሱ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ደጋፊ መሆኑ ይመስለኛል፤ ቡድኑ የሚጠነክርበት መንገድ ከሆነ ጎረቤቱ ቢጎዳም ይቀበላል።

በጁን 30፣ 2022 ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ፓክ ትዌልቭን ትተን ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ሎስ አንጀለስ የአገሪቱ ሁለተኛው የቴሌቪዥን ገበያ ነው፤ ዩኤስሲ ደግሞ ታላቅ ስም ነው። በዚህ ውሳኔ ሁለቱም ስሌቶች ተገናኙ። የዩሲኤልኤ የስፖርት ክፍል በሦስት ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎድሎበት ስለነበር ባንሄድ ኖሮ ቡድኖችን መዝጋት ነበረብን የሚል መከራከሪያ አቀረበ። በኦገስት 2022 ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመት ውል ፈረመ፤ ዋጋው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ፎክስ የቀትሩን፣ ሲቢኤስ የ9 ሰዓት ተኩሉን፣ ኤንቢሲ የምሽቱን ጨዋታ ያዙ። አንድ ማኅበር ቅዳሜን ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ለመያዝ የሚቀለው ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ባሉ የተለያዩ የሰዓት ቀጠናዎች አባላት ሲኖሩት ነው፤ የምዕራቡ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህም ይጠቅማሉ።

ፓክ ትዌልቭን የጎዳው የሰዓት ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። በሎስ አንጀለስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ በኒው ዮርክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲያልቅ የምሥራቁ ሕዝብ ተኝቷል። ኮንፈረንሱ በ2012 የራሱን ጣቢያ ሲከፍት እንደ ቢግ ቴን ከትልቅ ኩባንያ ጋር ከመሻረክ ይልቅ ሙሉ ባለቤትነቱን ለራሱ ያዘ። ሐሳቡ በራሱ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ነገር ግን ከትልቁ የሳተላይት አከፋፋይ ከዳይሬክቲቪ ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ ጣቢያው ብዙ ቤት ሳይገባ ኖረ። ሎስ አንጀለስ ከሄደች በኋላ የቀሩት አሥር ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ውል እየጠበቁ አንድ ዓመት አለፈ። በዚህ መሐል ቢግ ትዌልቭ ዋጋ ከማማረጥ ይልቅ መቅደምን መርጦ በኦክቶበር 2022 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ውሉን አራዘመ፤ በየዓመቱ ለአንድ አባል ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የጣቢያዎቹ ገንዘብም የጣቢያዎቹ ነጻ ሰዓትም እዚያ አለቀ።

በጁላይ 27፣ 2023 ኮሎራዶ ወደ ቢግ ትዌልቭ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮንፈረንሱ ለቀሩት ዘጠኝ አባላት የአፕልን ሐሳብ አቀረበ፤ ጨዋታዎቹ በኢንተርኔት በክፍያ ይታያሉ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ድርሻም ተመዝጋቢ በበዛ ቁጥር ያድጋል። ተመዝጋቢ ካልበዛስ? ለዚህ ጥያቄ የሚያሳምን መልስ አልነበረም። በኦገስት 4 ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ ትዌልቭ መሄዳቸው በአንድ ቀን ተሰማ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ከሙሉ አባል ድርሻ በጣም ያነሰ ተቀብለው ነው የገቡት። የ108 ዓመት ማኅበር በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ፈረሰ።

ስታንፎርድና በርክሌይ ለአንድ ወር ያህል በር ሲያንኳኩ ቆይተው በሴፕቴምበር 1 ኤሲሲ ከዳላሱ ኤስኤምዩ ጋር ተቀበላቸው። ለምን ፈለጋቸው? ኢኤስፒኤን ከኤሲሲ ጋር የነበረው ውል አዲስ አባል ሲገባ ክፍያው እንዲጨምር ያደርጋል፤ የኤሲሲ ጣቢያም በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢና በዳላስ ከፍ ያለውን የባለአባል ዋጋ ማስከፈል ይችላል። የድሮው የአድራሻ ስሌት ገና አልሞተም ማለት ነው። አዲሶቹ ደግሞ ሙሉ ድርሻ አልጠየቁም፤ ኤስኤምዩ እንዲያውም ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገንዘብ አልወስድም ብሎ ነው የገባው፤ ጉድለቱን ባለጸጋ ደጋፊዎቹ እንደሚሸፍኑለት ያውቅ ነበር። ትርፉ ገንዘብ አነሰን እያሉ ሲያጉረመርሙ ለነበሩት ነባር አባላት ተከፋፈለ። ስታንፎርድን አትላንቲክ ዳር ያደረሰው ይህ ነው።

ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። አንዱ ኮርቫሊስ፣ ሌላው ፑልማን በሚባሉ ትንንሽ ከተሞች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ በአድራሻ ስሌትም በስም ስሌትም አይጠሩም። ቡድናቸው ደካማ ስለነበረ አይደለም፤ ኦሪገን ስቴት በ2022 አሥር ጨዋታ አሸንፏል። በፍርድ ቤት ታግለው የማኅበሩን ስምና የቀረ ንብረት በእጃቸው አስገቡ፤ ከ2026 ጀምሮም ቦይሲ ስቴትን፣ ሳንዲዬጎ ስቴትንና ሌሎችን ጨምረው ፓክ ትዌልቭን እንደገና ለማቆም ተነሥተዋል። የዋሽንግተን ስቴትና የዋሽንግተን ዓመታዊ ግጥሚያ «አፕል ካፕ» ይባላል፤ ለዘመናት የሚደረገው በኖቬምበር መጨረሻ፣ ቤተሰብ ለምስጋና ቀን በተሰበሰበበት ሳምንት ነበር። በ2024 ወደ ሴፕቴምበር ተዛወረ። የተተወው ዋሽንግተን ስቴት 24 ለ19 አሸነፈ። ኦክላሆማና ኦክላሆማ ስቴት ከመቶ ዓመት በላይ ያደረጉት ግጥሚያ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ጨርሶ ቆሟል።

የፉትቦል ቡድን የሚጫወተው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ለእሱ ረጅም በረራው ይቻላል። መከራው ያለው በሌሎቹ ላይ ነው። የቮሊቦል፣ የቅርጫት ኳስና የሶፍትቦል ቡድኖች በሳምንቱ መካከል ሁሉ ይጫወታሉ፤ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነትም አለው። ሐሙስ ማታ ተጫውታ አርብ ፈተና ያለባት የሶፍትቦል ተጫዋች ከቴሌቪዥን ውሉ አንድ መስመር እንኳ የተጻፈው ስለ እሷ አይደለም። የዩሲኤልኤ የፉትቦል አሠልጣኝ የነበሩት ቺፕ ኬሊ በ2023 መጨረሻ ፉትቦሉ ለብቻው ተለይቶ ሌሎቹ ስፖርቶች ወደ ጎረቤቶቻቸው ይመለሱ ብለው ነበር። ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ለእኔ ከልብ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ በበኩሉ ዩሲኤልኤ በመውጣቱ ለተጎዳው ለእኅቱ ለበርክሌይ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል።

ገንዘቡ ሁሉ ባክኗል ማለትም ፍትሐዊ አይደለም። ዋናተኛውም ሯጩም የሚማረው በአብዛኛው ፉትቦል ባስገባው ገንዘብ ነው። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ምንም ያልተከፈላቸው ተጫዋቾችም በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ድርሻ ማግኘት ጀምረዋል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቹ መክፈል ይችላል። ይህ ግን ዩኒቨርሲቲዎቹን ይበልጥ ወደ ትልልቆቹ ውሎች ይገፋቸዋል፤ ወጪው ስለጨመረ ከቢግ ቴንና ከኤስኢሲ ውጭ ሆኖ እኩል መወዳደር ይከብዳል።

አባላትን አስሮ የሚያቆየው አንድ ሰነድ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የሜዳው ጨዋታዎቹን የስርጭት መብት ለተወሰኑ ዓመታት ለኮንፈረንሱ ያስረክባል። ቢወጣም መብቱ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ለአዲሱ ማኅበር ይዞ የሚሄደው የሚሸጥ ነገር አይኖረውም። በኤሲሲ ይህ ሰነድ እስከ 2036 ይዘልቃል። ፍሎሪዳ ስቴት በዲሴምበር 2023፣ ክሌምሰን በማርች 2024 ይህን ለመስበር ከሰሱ። በማርች 2025 ታረቁ፤ ከገንዘቡ ትልቁ ክፍል ከእንግዲህ እኩል ሳይሆን በተመልካች ብዛት ይከፋፈላል። ኦክላሆማ በ1981 ያማረረበት የእኩል ክፍያ ጉዳይ አሁን በአንድ ማኅበር አባላት መካከልም እየጠፋ ነው ማለት ነው።

በዚያው ስምምነት የመውጫው ክፍያ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030–31 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል። የቢግ ቴን ውል የሚያበቃው በ2030፣ የቢግ ትዌልቭ ደግሞ በ2031 ነው። ቀኖቹ ተቀራርበዋል፤ የሚቀጥለው ትልቅ ዝውውር የሚጠበቀውም ያኔ ነው። ልጁን በሩጫም ሆነ በሌላ ስፖርት በስኮላርሺፕ ወደ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለመላክ የሚያስብ ወላጅ ከአሠልጣኙ ጋር ሲነጋገር ይህንንም ይጠይቅ፤ በ2028 የሚገባ ተማሪ አራት ዓመቱን ሳይጨርስ ቡድኑ የሚወዳደርበት ኮንፈረንስ ሊቀየር፣ የጉዞውም ርቀት በእጥፍ ሊጨምር ይችላል።